ላንጋኖ ዳር ያጨበጨቡልን ዕለት

ሰው ሊሰጥም ነበር ሲባል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋና አትችልም ነበር እንዴ?» ብሎ ነው። ሐያት ዋና ትችላለች። ከእኔ በጣም ትሻላለች። እኔም ብሆን ያን ዕለት ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍኩ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ጥፋቱን ውኃው ውስጥ አትፈልጉት። ጥፋቱ ዳር ላይ፣ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጦ ምሳ እየበላ ነበር።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። ምሕረት እባላለሁ። አዳማ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው አዳማ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤታችን ውስጥ «ጨዋ ልጅ» የምባለው እኔ ነኝ። ጨዋ ማለት በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ፣ ስትላክ የማታጉረመርም፣ «ብዪ» ስትባል ባይርባትም የምትበላ ማለት ነው። መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ባይገባኝም ራሴን የምነቀንቀው እንዳይከፋው ብዬ ነበር። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግሁት ነገር ሰዎቹን ለምን ያን ያህል እንዳስደነገጣቸው እንዲገባችሁ ነው።

ሐያት የሠፈሬ ልጅና የክፍል ጓደኛዬ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ክንዴን ያዘችና፣ «ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከብ ሥር እየገባ ይሠራ የነበረ ሰውዬ ሆቴል ገንዳ ውስጥ መጥለቅ ያስተምራል። ወላሂ ካልተመዘገብሽ ሁለተኛ አላናግርሽም» አለችኝ። ተመዘገብኩ። ሰውየው መስፍን ይባላሉ፤ እኛ ኮች ነበር የምንላቸው።

ኮች መስፍን ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። ይህን ልክድ አልችልም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የአየር ቦምቦላው ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚታሰር፣ አየር የሚሞላው ሰደርያ እንዴት እንደሚነፋ፣ ጓደኛችን አየር ቢያልቅባት ትርፉን መተንፈሻ እንዴት እንደምንሰጣት ደጋግመው አሠሩን። ዓይናችንን በጨርቅ አስረው ዕቃችንን ውኃ ውስጥ ያስወልቁን ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሚያነሱት ስለ ገመዱ ነበር።

«ላንጋኖ ቀይ ባሕር አይደለም» ይሉን ነበር። «ውኃው ወተት የገባበት ሻይ ነው። እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁን አታዩም። እዚያ ውስጥ ዓይናችሁ ገመዱ ነው። ዳር ሆኖ ገመዱን የሚይዘው ሰው እናቱ ብትጠራው እንኳ ከቦታው አይነሳም።»

«ሚስቱስ ብትጠራው ኮች?» አለ ቶላ። ቶላ ከእኛ ጋር የሚማር፣ በረንዳና የመስኮት ፍርግርግ የሚበይድ፣ ያኔ ገና ሙሽራ የነበረ ሰው ነው።

«አንተማ ቤትህ ሰጥመሃል፣ ስለ ሐይቅ ምን አስጨነቀህ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

ምልክቱ ቀላል ነበር። ገመዱን አንዴ መሳብ «ደህና ነን» ነው። ሦስቴ መሳብ «ድረሱልን» ነው። ሦስቴ ከተሳበ፣ የመጥለቂያ ልብሳቸውን ለብሰው ዳር ላይ የሚጠብቁት ኮች ገመዱን ተከትለው ይገባሉ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ ቅዳሜ የምስክር ካርዳችንን ልንቀበል ላንጋኖ ወረድን። ኮች ካርዱን ገንዳው ዳር ሊሰጡን ይችሉ ነበር። ነገር ግን አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ ሐይቁ ዳር ሎጅ ያላቸው ሰው የክብር እንግዳ ሆነዋል። ኮች የመጥለቂያ ትምህርት ቤታቸውን በሰውየው ግቢ ሊከፍቱ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ድንኳን ተተከለ፣ ሙዚቃ መጣ፣ በሬ ተጣለ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ተጠራ። የሐያት እናት እትዬ ዘይነባም ልጃቸው ስትመረቅ ለማየት ከእኛ ጋር መጥተው ነበር። ለእሳቸው ለብቻቸው ዓሣ ተጠብሶላቸዋል።

የታሰበው ጠዋት፣ ሐይቁ እንደ ትሪ ዝም ባለበት ሰዓት እንድንገባ ነበር። ኮች ጎሕ ሲቀድ አጥማጆቹን መረብ የዘረጉት የት የት እንደሆነ ጠይቀው፣ ነፃውን ቦታ አሳይተውን ነበር። እንግዳው ግን ዘገዩ። እሳቸው ሲመጡ ንግግር ሆነ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሳቸው ልጆችም እንደሚጠልቁ ተነገረ፤ ከንግግሩ በኋላ ካርድ ታደለ፤ ከካርዱ በኋላ ቁርጥ ቀረበ። እኔና ሐያት ልብሳችንን ለብሰን በፀሐይ እየተቀቀልን እንጠብቃለን። ነፋሱ ተነሳ። ላንጋኖን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ሌላ ነው።

በመጨረሻ አቶ ደምሴ፣ «እህ፣ ልጆቹ የሚገቡት መቼ ነው? እዚህ ፊት ለፊታችን ይግቡ እንጂ፤ እዚያ ማዶ ምን ይታየናል?» አሉ።

ኮች «ይቻላል» አሉ። ቦታው ተቀየረ። አጥማጆቹን ድጋሚ የጠየቀ የለም።

አዲሱ ቦታ ላይ ዕቃችንን ስንፈታተሽ፣ ሐያት እግር ላይ ያለው የቢላዋ ሰገባ ባዶ መሆኑን አየሁ። ለሁለታችን ያለን ቢላዋ አንድ እሱ ብቻ ነበር።

«ኮች፣ ቢላዋው የለም» አልኩ።

ኮች ወደ ድንኳኑ በዓይናቸው ጠቆሙኝ። አቶ ደምሴ ከሻኛው ላይ እየቆረጡ ለአጠገባቸው ሰው ያሳያሉ። «የሎጁ ቢላዋ ደንዞ ሰውየው ሲታገሉ አፈርኩ» አሉኝ ኮች በለሆሳስ። «አሁን ካፋቸው ላይ ልንጠቅ?»

«በባሕር ቢላዋ ቁርጥ በላሁ ብዬ ለልጅ ልጅ አወራለሁ!» ይላሉ አቶ ደምሴ።

«ኮች፣ ያለ ቢላዋ አትግቡ ያሉን እርስዎ ነዎት» አልኩ እንደገና።

«ምሕረት፣ ትንሽ ዞር ብላችሁ መውጣት ነው። ልጄ፣ ዛሬ አታስቸግሪኝ።»

ሐያት ሳቀችና፣ «ነይ ባክሽ፣ ሻርክ አይበላን» አለችኝ። ቶላ አንድ ትልቅ ግራር አጠገብ ቆሞ ገመዱን በሁለት እጁ ይዟል። «እኔ አለሁ፣ ሂዱ» አለን። ቶላን አምኜ ገባሁ።

ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ኋላ እየተራመድን ገባን። ውኃው ደረታችን ሲደርስ ጠለቅን፤ ወዲያው ዓለም ቡናማ ሆነ። የራሴን እጅ መነጽሬ ላይ ካላስጠጋሁት አላየውም። የእጃችን አንጓ በአጭር ገመድ የተያያዘ ነው፤ ሐያት መኖሯን የማውቀው በእሱ ነው። ረጅሙን ገመድ በሌላ እጄ ጠምጥሜ ይዣለሁ። ሥር ስንደርስ አንዴ ሳብኩ። ቶላ አንዴ ስቦ መለሰልኝ። ልቤ ረጋ። ጭቃውን እየዳበስን ወደ ፊት ሄድን። ጥልቀቱ ከአንድ ፎቅ ቤት አይበልጥም። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው ለመሞት ከዚያ የበለጠ ጥልቀት አያስፈልገውም።

ድንገት የአንጓዬ ገመድ ተወጠረ። ሐያት ቆማለች። ተመልሼ ክንዷን ጨመቅሁት፣ «ምን ሆንሽ?» ማለቴ ነው። መልሳ አልጨመቀችኝም፤ ይልቁንስ እየታገለች ነበር። በእጄ ጀርባዋን ስዳብስ ጣቶቼ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ገባ። መረብ ነው። የቦምቦላዋን አንገትና የመተንፈሻዋን ቱቦ ጠልፎ ይዟታል። በታገለች ቁጥር ወደ እግሯም እየመጣ ነው።

ትንፋሿን እሰማዋለሁ። ውኃ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ የአረፋው ድምፅ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መጣ።

ገመዱን ሦስቴ ሳብኩት።

ገመዱን ሰው ሲይዘው ስትስቡት ይታገላችኋል። ያን ጊዜ ግን ሳብኩት፤ ወደ እኔ መጣ። ደግሜ ሳብኩት፤ አሁንም መጣ። ልብስ ማስጫ ላይ እንደላላ ገመድ ዝም ብሎ ወደ እጄ ይከማቻል። እዚያኛው ጫፍ ላይ ማንም እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ሐያት እግር ሄደ። ሰገባው ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ነው የዳበስኩት።

ማን ይመጣል ብዬ ልጠብቅ? ሐያት እጄን ያዘችኝና ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ግንባሬን ከግንባሯ፣ መነጽሬን ከመነጽሯ አጋጠምኩ። ዓይኖቿን እንደ ጥላ አየኋቸው። እጇን ደረቴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ፣ እንድትከተለኝ። መጀመሪያ አልቻለችም። በኋላ የአረፋው ድምፅ ትንሽ ረገበ።

ከዚያ ትርፉን መተንፈሻዬን እጇ ላይ አኖርኩላት። የራሷን አውጥታ የእኔን ጎረሰች። የሰደርያዋን መቆለፊያዎች በዳበሳ አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ገንዳው ውስጥ ዓይናችንን ታስረን እንደተማርነው። የቀኝ እጇ ወጣ። የግራው ትከሻ ላይ መረቡ ያዘው፤ ሳብኩ፣ ቆዳዋ ተላጠ፣ ወጣ። እግሯ ላይ ያለው ግን እምቢ አለ። የእግሯን የመዋኛ ክንፍ ከነመረቡ ጎትቼ አወለቅሁት። ቦምቦላውም፣ ሰደርያውም፣ ክንፉም እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀሩ። ወደ ታች የሚያሰምጣትን የእርሳስ ክብደት ቀበቶዋን ፈትቼ ጣልኩ። ተቃቅፈን፣ ከአንድ ቦምቦላ እየተነፈስን፣ ቀስ እያልን ወጣን።

ላይ ስንደርስ ማዕበሉ ፊታችንን መታን። ሐያት መተንፈሻውን ካፏ ስታወጣ ውኃ ዋጠች። ሰደርያዬን ነፋሁና በእሱ ላይ ተንጠለጠለች። ሙዚቃው ይሰማል። የላላውን ገመድ እየጎተትን ወደ ዳር መጣን፤ ለካ ግራሩ ላይ ታስሯል። አጠገቡ ማንም የለም።

እግራችን መሬት ሲነካ ሐያት በጉልበቷ ወደቀችና ማስመለስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ጭብጨባውን የሰማሁት።

አጨበጨቡልን! እልልታም ነበረበት። አቶ ደምሴ ቢላዋውን እንደያዙ ብድግ ብለው፣ «ጎበዞች! ኧረ ካሜራው አልያዛቸውም፤ እስቲ ተመልሰው ገብተው ይውጡ!» አሉ።

እኔ የማየው ቶላን ነበር። ሳህን ይዞ ቆሟል። ሐያትን አየና ሳህኑ ከእጁ ወደቀ።

በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ እኛ ከገባን በኋላ አቶ ደምሴ «ያ ልጅ አልበላም፣ ጥሩት» አሉ። ቶላ ከቆመበት «ሂን ተኡ ጋሼ፣ አይሆንም፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ሰውየው ጉርሻ ይዘው ራሳቸው ተነሱ። «በሞቴ!» አሉት። አሁንም አልተነሳም። «እንግዲህ ንቀኸኛል ማለት ነው» አሉ። ይህን ጊዜ ኮች እየሮጡ መጡና፣ «ቶላ፣ ምን ነካህ፣ ሰውየው ቆመው እየለመኑህ! ሂድ፣ እኔ አየዋለሁ» ብለው ገመዱን ከእጁ ተቀበሉ። ግራሩ ላይ አሰሩት። እሳቸውም «አንተስ ኮች? ቅር እንዳልሰኝ» ተብለው ወደ ምሳው ሄዱ።

ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ውኃ እየተንጠባጠበብኝ፣ አንድ እግሬ ላይ ክንፍ እንደተንጠለጠለ።

«ቢላዋውን ይስጡኝ» አልኳቸው አቶ ደምሴን።

ሳቁ። «ውሰጂ ልጄ፣ ምን ገዶኝ። ምነው ፊትሽ?»

«እዚያ ውስጥ መረብ ይዟት ነበር። ሦስቴ ጠራን። ማንም አልነበረም፤ እናንተ ምሳ ላይ ነበራችሁ።»

ሙዚቃውን አንድ ሰው ዘጋው። ኮች ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሊወስዱኝ ሞከሩ። «ምሕረት፣ አታዋርጂኝ። ወጥታችኋል አይደል? በቃ፣ ለብቻችን እንነጋገራለን።»

«ኮች፣ ሰምጣ ቢሆን ኖሮም ለብቻችን ነበር የምንነጋገረው?»

አንድ ነጭ ኩታ የለበሱ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር አውጥቷችኋል፤ ተመስገን ነው የሚባለው። የክብር እንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም። ይቅርታ ጠይቂያቸው» አሉኝ። ሌሎችም ተቀበሏቸው። አንዷ ሴት፣ «ጨዋ ትመስል ነበር» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ እትዬ ዘይነባ ዞረ። ልጃቸውን አቅፈው፣ በነጠላቸው ትከሻዋ ላይ ያለውን ደም እየጠረጉ ነበር። አቶ ደምሴ፣ «እናቷ፣ መቼም አይከፋዎትም፤ ሳይታወቅ ነው» አሏቸው። ሃምሳ ሰው የእሳቸውን አፍ ያያል። እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ።

«ምንም አይደል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አይደል። ግብዣችሁን አታበላሹ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት የተናደድኩበት ጊዜ የለም። እሳቸው ላይ አይደለም። ልጇ ከሞት አፍ የወጣች እናት፣ እንግዳ እንዳይከፋው ብላ «ምንም አይደል» እንድትል የሚያደርጋት ነገር ላይ ነው።

«እትዬ ዘይነባ ቢሉም ምንም ነው» አልኩ። ድምፄ ሲጮህ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ይቅርታ አልጠይቅም። አቶ ደምሴ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የእርስዎ ልጆች እንደሚገቡ ሰምቻለሁ። እነሱ ሲገቡ ገመዱን ማን ይይዛል? ያን ጊዜም በሞቴ ብለው ያስነሱታል?»

ሳቃቸው ጠፋ፤ ሐይቁን ዞር ብለው አዩት።

ወደ አዳማ በሚኒባስ ተመለስን። አዳሚ ቱሉን አልፈን፣ ዝዋይንም አልፈን ስንሄድ፣ ከኋላ ወንበር የእትዬ ዘይነባን ድምፅ ሰማሁ። የሐያትን እርጥብ ፀጉር ጭናቸው ላይ አድርገው ለራሳቸው ይመስል ያወራሉ። «እኔ ምን አልኩ? 'ምንም አይደል' አልኩ እንዴ? ያ ረቢ፣ 'ምንም አይደል' አልኩ?» ሐያት እጃቸውን ያዘች።

ከዚያ በኋላ ኮች ሁለት ሽማግሌ ቤታችን ላኩ። አባቴ «አሳፈርሽን» አለኝ፤ እናቴ ግን ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ከኮች የመጥለቅ ክበብም ወጣሁ፤ ቶላም ወጣ። የአቶ ደምሴ ልጆች በተባለው ቅዳሜ ገቡ። ደህና ወጡ። እሰየው ነው፣ ልጆቹ ምን አደረጉ? ዛሬ ግን ስሜ በተነሳ ቁጥር ኮች «እነሆ፣ ልጆቹ ገብተው ወጡ፣ ምን ሆኑ?» ይላሉ አሉ። ሰው ደህና በወጣ ቁጥር ስህተቱ ትክክል የሆነ ይመስላቸዋል።

እኔ መጥለቅን አልተውኩም። እናንተም ካርዳችሁን ገና የተቀበላችሁ፣ ከዳር ተነስታችሁ ሐይቅ ልትገቡ የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በጠዋት ግቡ፤ ነፋስ ከተነሳ ካርዱም ልብሱም ለሌላ ቀን ይቆያል። ከመግባታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ውኃውን እዩት፣ የምትወጡበትንም ቦታ ተስማሙ። መረብ የት እንዳለ አጥማጁን ጠይቁ፤ ቦታው አንድ እርምጃም ቢሆን ከተቀየረ እንደገና ጠይቁ። ቢላዋችሁ እግራችሁ ላይ ይሁን፤ ለማንም አታውሱ፣ ለንጉሥም ቢሆን። የጓደኛችሁን ዕቃ በእጃችሁ ነክታችሁ ፈትሹ፤ ትልቅ ሰው ቢሆንም፣ ብታፍሩትም፣ ነክታችሁ ፈትሹ። ድግስ ካለ ድግሱ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ይሁን፤ ሥጋው አይሸሽም። ከሁሉ በላይ፣ ከመግባታችሁ በፊት «ዛሬ አልገባም» ማለት ትችላላችሁ፤ ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት ያለው ማንም የለም። ይህን ያስተማሩን ራሳቸው ኮች ናቸው፤ ትምህርቱ ትክክል ነው።

እንግዳ ማክበር መጥፎ ነው አላልኩም። እኔም ያደግሁት በእሱ ነው፤ ዛሬም ቤታችን ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ነገር ግን ውኃ ውስጥ ሰው እያለ ገመድ የያዘን ሰው «በሞቴ» የሚል፣ የሚለምነው በራሱ ሞት አይደለም፤ በሌላ ሰው ሞት ነው። እምቢ በሉት። ይቀየማችሁ። ቅያሜ በሽማግሌ ይፈታል፣ በዓመቱም ይረሳል፤ ለመታረቅ ግን ሁላችሁም በሕይወት መኖር አለባችሁ።